«አልፌዋለሁ እኮ!»

የስፕሪንግ ትምህርት ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው፣ ነርስነት ለመማር የምትዘጋጅ አንዲት ልጅ አሜሪካ ውስጥ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አማካሪው ቢሮ ገባች። ኖቬምበር ላይ አናቶሚ ሁለትን ያለ ምንም ችግር ተመዝግባ ነበር። አሁን ስልኳ ላይ ስትከፍተው ኮርሱ የለም።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ተሳስቶ አውጥቶኛል።»

ሲስተሙ አልተሳሳተም። ብዙ ኮሌጆች ፕሪሪኩዚትን፣ ማለትም ለአንድ ኮርስ ቀድሞ መወሰድ ያለበትን ኮርስ፣ ሁለቴ ያጣራሉ። ኖቬምበር ላይ አናቶሚ አንድን ገና እየተማረች ስለነበር፣ ታልፈዋለች በሚል በጊዜያዊነት አሳለፋት። ዲሴምበር ውጤት ሲገባ እንደገና አየ። የኮርሱ መግለጫ «ሲ ወይም ከዚያ በላይ» ይላል፤ የእሷ ግን ዲ ነው።

«አልፌዋለሁ እኮ! ዲ ማለፊያ አይደለም እንዴ?»

«ማለፊያማ ነው የኔ ልጅ። አራቱን ክሬዲት አግኝተሻል። ለሚቀጥለው ኮርስ ግን አይበቃም።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እውነትም ግራ ያጋባል። ጉዳቱም በአንድ ኮርስ አላበቃም። 12 የነበረው ክሬዲቷ ወደ 8 ወረደ፤ ፔል ግራንቷም (የማይመለሰው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ) ለሰሚስተሩ ወደ 67 በመቶ ሊቀነስ ነው።

«ታዲያ አንድ ቀላል ነገር፣ ዮጋ ምናምን፣ ልሙላበት?»

አይሆንም። የፌዴራል እርዳታ የሚቆጥረው ለምትማሪበት ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ኮርስ ብቻ ነው። አማካሪው ዘግይቶ የሚጀምር የአናቶሚ አንድ ክፍል ፈለገና ሁለት ወንበር ቀርቶት አገኘ። አራት ክሬዲት ነው፣ 12ቱ ሞላ። ነገር ግን ዲ ለእርዳታው ሕግ «ያለፈ» ኮርስ ስለሆነ፣ ያለፈን ኮርስ ለመድገም የሚከፍለው አንዴ ብቻ ነው። ዘንድሮም ሲ ካላመጣች ሦስተኛውን ከኪሷ ነው።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዘው የሚመጡት ደግሞ በተቃራኒው ይቸገራሉ፤ ትምህርቱን በደንብ ያውቁታል፣ ሲስተሙ ግን አያውቅላቸውም። ትራንስክሪፕቱ ኮርስ በኮርስ ተገምግሞ በይፋ ካልደረሰ ምዝገባው ይዘጋባቸዋል፤ የተማሩበትን ወረቀት በስልክ አንስቶ ማሳየት አይጠቅምም። ግምገማው ሳምንታት ስለሚወስድ ምዝገባ ሳይከፈት መጀመር ነው። እስኪደርስ ድረስ ዲፓርትመንቱን ኦቨርራይድ፣ ማለትም ገደቡን አልፎ ለመመዝገብ ልዩ ፈቃድ፣ መጠየቅ ይቻላል፤ መፍቀድ አለመፍቀዱ የእነሱ ነው።

ልጅቷ ልትወጣ ስትል ለሰመር ማይክሮባዮሎጂ እንዳሰበች ተናገረች። አማካሪው ስክሪኑን አዞረላትና የኮርሱን ስም ተጭና ከሥር በትንሽ ፊደል ያለውን እንድታነብ ነገራት። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ወይም» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ከሁለቱ አንዱ ይበቃል ማለት ነው?»

«አዎ። ‹እና› ቢል ኖሮ ሁለቱንም ነበር። ውጤቱን ደግሞ እዪው።»

ሲ ይላል።