ከወረፋው የጠፋ ሁሉ አላለቀም

ባለፈው ክረምት የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ትንሽ ያሳፍራል።

ኮምቦልቻ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። የቦርከናን ወንዝ ጎርፍ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ነበረው። የ40 ዓመት ዝናብ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት 6 ዓይነት ግምት፣ በድምሩ 240 ጆብ፣ ማለትም ለየብቻቸው የሚሄዱ 240 ስሌቶች። ይህን ደሴ ባለችው በኔ ላፕቶፕ ማስኬድ የማይታሰብ ነው። እሱ ግን ውጭ አገር ያለ ክላስተር (አንድ ላይ የተገናኙ ብዙ ኮምፒውተሮች) ላይ አካውንት ነበረው፤ የጆቦቹን ወረፋ የሚያስተዳድረው ስለርም የሚባል ፕሮግራም ነው። ጆቦቹን የሚልክና የሚከታተል የፓይተን ስክሪፕት እኔ ልጽፍለት ተስማማን። «የሦስት ቀን ሥራ ነው» አልኩት። አፌን በቆረጠው።

የመጀመሪያው ስክሪፕቴ የዋህ ነበር። በየደቂቃው ኤስኪው የሚለውን፣ የስለርምን ወረፋ የሚዘረዝር ትእዛዝ ይልካል። የጆቡ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ካለ «እየሠራ»፣ ከሌለ «አለቀ» ብሎ ይመዘግባል። በቃ። በሦስተኛው ቀን 240ውም «አለቀ» ሆኑ። ደወልኩለት፣ ደስ አለው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩና ቡና ጋበዘኝ።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ስማ፣ 11 ቦታ ላይ ውጤት የለም። አልቋል ብለኸኝ አልነበር?»

«አልቋል እኮ።»

«የት አለ ታዲያ?»

ኤስኪው እንዲሁ ሲጠሩት የሚያሳየው ገና ወረፋ የያዘውንና በሥራ ላይ ያለውን ነው። ያበቃለት ጆብ፣ ተሳክቶለትም ይሁን ሞቶ፣ ከዝርዝሩ ይወጣል። እንዴት እንዳበቃ ለማወቅ ኤስአክት የሚባለውን ሌላ ትእዛዝ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እሱ የሚያነበው ከመዝገብ ነው። ስጠይቀው 9ኙ «አውት ኦፍ ሜሞሪ»፣ 2ቱ «ታይምአውት»። ከፈቀድንላቸው ሜሞሪ ወይም ሰዓት አልፈው ተገድለዋል። እኔ የሠራሁት ምን መሰላችሁ፣ ሚኒባሱን ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ስላጣሁት ኮምቦልቻ ገብቷል ብዬ መደምደም ነው። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቆሞ ጎማ እየቀየረ ቢሆንስ?

የባሰም ነበር። ስክሪፕቱ ያደረገውን የሚጽፍበትን ፋይል፣ ሎጉን፣ ወደ ኋላ ስመለከት አንድ ሌሊት ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 63 ጆብ «አለቀ» ተብሏል። ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፣ ራውተሩ ግን ሞቷል። ከክላስተሩ ጋር የሚያገናኘኝ ፕሮግራም፣ ኤስኤስኤች፣ መገናኘት ሲያቅተው የሚመጣው ባዶ መልስ ነው። ባዶ ዝርዝር ደግሞ በኔ አስተሳሰብ «ሁሉም አልቋል» ማለት ነው! ኤስኤስኤች ራሱ ሲሳነው 255 የሚል ቁጥር መልሶ ይነግራል፤ እኔ ግን ቁጥሩን ዞር ብዬም አላየሁት። አብዛኞቹ በእውነትም በሰላም ስለጨረሱ ነው ሳይነቃብኝ የቆየው።

እንደገና ስጽፈው መጀመሪያ የጨመርኩት «አልታወቀም» የሚል ሁኔታ ነው። ጠይቄ መልስ ካላገኘሁ ጆቡ አልታወቀም እንጂ አለቀም ከሸፈም አይባልም። ይህ ሁኔታ ግን የቀድሞውን እንዳይደመስስ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በኤስኪውላይት (ትንሽ ዳታቤዝ) ሠንጠረዥ ውስጥ መጨረሻ የታየውን ሁኔታና የታየበትን ሰዓት ለብቻ አስቀምጣለሁ። «አሁን አላውቅም፣ ግን ከ20 ደቂቃ በፊት እየሠራ ነበር» ማለት ከቻልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሰዓቱን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ወጥ ሰዓት፣ አስቀምጡ። ሰርቨሩ 23 ሰዓት ሲል ለኛ ከሌሊቱ 8 ነው። ጓደኛዬ «8 ሰዓት ላይ ነው የሞተው» ሲለኝ የከሰዓቱን ሎግ ስፈትሽ ያቃጠልኩትን ጊዜ አልነግራችሁም።

ሌላው ጣጣ ስም ነው። በመጀመሪያ ሁኔታዎቹን በተራ ስትሪንግ፣ እንደ ጽሑፍ፣ ነበር የያዝኳቸው፣ ያውም በአማርኛ። እኔ «እየሠራ»ን በንጉሡ ሠ ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ አንድ ፋይል ሲያስተካክል «እየሰራ» ብሎ በእሳቱ ሰ ጻፈ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ማወዳደሪያው «አይደለም» ይላል፣ ምንም ስህተት አይወጣም፣ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ግማሽ ቀን በላብን። አሁን የተፈቀዱትን ስሞች አስቀድሞ የሚዘረዝር ኢነም ነው የምጠቀመው፦ ወረፋ_ላይ፣ እየሠራ፣ ተሳካ፣ ከሸፈ፣ ተሰረዘ፣ አልታወቀም። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ለስም ይቀበላል፣ አትሳቁ። ኢነሙ ውስጥ የሌለ ስም ብትጠሩ ኮዱ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ይጮህባችኋል፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

«አለቀ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ጣልኩት። ቃሉ ራሱ ያታልላል፤ ዱቄቱም አለቀ፣ ትምህርቱም አለቀ እንላለን። አንዱ መከራ፣ አንዱ ደስታ።

ስለርም የመለሰውንም ቃል እንዳለ አስቀምጡት። እኔ «ካንስልድ» (ተሰርዟል) ከሚለው ጋር እኩል መሆኑን ብቻ ነበር የማየው፤ ኤስአክት ግን ሰው የሰረዘውን ጆብ «ካንስልድ ባይ» ብሎ የሰራዡን ቁጥር ያስከትልበታል። እኩል አልሆነም፣ የተሰረዘው ጆብ ማንነቱ ጠፋ። አሁን የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ቆርጬ ወደ ኢነሙ እተረጉማለሁ፣ የማላውቀው ቃል ከመጣ «አልታወቀም»፣ ሙሉው ጽሑፍ ደግሞ አጠገቡ ይቀመጣል።

«ከሸፈ» ብቻውንም አይበቃም፣ ምክንያቱ ሌላ ዓምድ ይፈልጋል። ሜሞሪ ያነሰው ሜሞሪ ተጨምሮለት ይላካል፣ ሰዓት ያነሰው ሰዓት ይጨመርለታል። ኮዱ ራሱ የተበላሸውን ግን ደጋግሞ መላክ ወረፋ ማጣበብ ነው።

ስለርም «ኮምፕሊትድ» (ተጠናቋል) የሚለውንም ብዙ አትመኑት። ክላስተሩ ላይ ሞዴሉን የሚያስነሳው የባሽ ስክሪፕት በ0፣ ያለ ስህተት፣ ወጣ ማለት ነው እንጂ ውጤት አለ ማለት አይደለም። የኛ ስክሪፕት የመጨረሻ መስመር «ጨርሻለሁ» ብሎ የሚጽፍ ኤኮ የሚባል ትእዛዝ ነበር፤ ሞዴሉ መሃል ላይ ቢወድቅ እንኳ ኤኮው ይሳካለታል፣ ስለዚህ 0 ነው። ኤኮውን አወጣሁት። «ተሳካ» ከማለቴ በፊትም የውጤቱ ፋይል መኖሩንና ባዶ አለመሆኑን አያለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ተሳስቼ ነበር። ሁኔታ ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው ብዬ፣ ከእየሠራ ወደ ወረፋ የተመለሰ ጆብ ካለ ፕሮግራሙ እንዲቆም አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ክላስተሩ ላይ አንድ ማሽን ሲበላሽ ስለርም የነበሩበትን ጆቦች በዚያው ቁጥራቸው መልሶ ወረፋ ላይ አስቀመጣቸው። ጆቦቹ ደህና ነበሩ፣ የቆመው የኔ ፕሮግራም ነው።

11ዱን መልሰን ላክናቸው፣ ሁሉም ወጡ። ጓደኛዬ አሁን የሚሌን ወንዝ ተፋሰስ ጀምሯል። ይህን ስጽፍ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል፣ መብራትም ሄዷል። ስክሪኑ ላይ 3 ጆብ «አልታወቀም» ይላሉ፤ መጨረሻ የታዩት ከ40 ደቂቃ በፊት ነው፣ እየሠሩ ነበር።