«በዚህ ወር ስንት ሥዕል ሠሩ?»

ይህ ጥያቄ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል። የጠየቀው የፕሮዳክሽን ኃላፊያችን ነው፤ የተጠየቁት ደግሞ አርት ዳይሬክተራችን ናቸው። ያኔ የምሠራው ኦሳካ ውስጥ ለአርፒጂ (ተጫዋቹ የታሪኩን ጀግና ሆኖ ለሚጓዝባቸው) የቪዲዮ ጨዋታዎች ባክግራውንድ፣ ማለትም የኋላ ሥዕል፣ በሚያዘጋጅ ስቱዲዮ ነበር። ኃላፊው ኤክሴሉን በፕሮጀክተር ከፍቶ ከየስማችን ትይዩ በወሩ የጨረስነውን ሥዕል ብዛት አስፍሯል። ከእሳቸው ስም ትይዩ ያለው ዜሮ ነው።

«አንድም» አሉ። ይቅርታ የመጠየቅም የመቆጣትም ድምፅ አልነበረም።

አርት ዳይሬክተር ሲባል ከሁሉም አብልጦ የሚስለው ሰው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እዚያው ሙያው ውስጥ ያሉም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን የጃፓን አርፒጂ ፋይናል ፋንታሲ 7ን ውሰዱ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ክላውድን የነደፈው ቴትሱያ ኖሙራ ነው፤ ስሙን የማያውቅ ተጫዋች ጥቂት ነው። የጨዋታው አርት ዳይሬክተር ግን ዩሱኬ ናኦራ ነበር። የጨዋታው ከተማ የሚድጋር ዝገት፣ ጭሱ፣ በመካከሉ የሚያበራው የማኮ (የከተማዋ ኃይል ምንጭ) አረንጓዴ፣ ይህን ሁሉ የብዙ እጅ ሥራ አንድ አገር አስመስሎ የመያዝ ኃላፊነት የወደቀው በእሱ ትከሻ ላይ ነው። ገጸ ባሕርይ ነዳፊው ሥራውን አሳይቶ ይመሰገናል። አርት ዳይሬክተሩ የሚሠራው አብዛኛው ነገር መወሰንና ሥዕል ለእርማት መመለስ ስለሆነ አንሥቶ «ይኸውላችሁ» የሚለው ነገር የለውም።

ቀድሞ ከዚህ ሥራ ብዙውን የሚሠራው መሣሪያው ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ ሲወጣ ዮሺታካ አማኖ በብሩሽ የሳላቸውን ቀጫጭን፣ ነፋስ የሚያውለበልባቸው የሚመስሉ ምስሎች ወደ ነጥብ (ፒክስል፣ የስክሪን ምስል የሚሠራባቸው ትናንሽ ካሬዎች) የለወጠችው ካዙኮ ሺቡያ ናት። ጨዋታው የወጣበት የኒንቴንዶ ፋሚኮም ማሽን ለአንድ ተንቀሳቃሽ ምስል በአንድ የቀለም ስብስብ ሦስት ቀለም ብቻ ይፈቅዳል፤ አራተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ኋላውን ያሳያል። በካርታው ላይ የሚሄደው ጀግና ወርዱም ቁመቱም 16 ነጥብ ነው። እዚያ ላይ የአማኖን ጥልፍና ላባ ሁሉ ላስገባ ማለት አይቻልም፤ ዋናውን መርጦ ሌላውን መተው ግድ ነው። የእኛዋ አርት ዳይሬክተር እጃቸውን ያፍታቱት በነጥብ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። «ማሽኑ መከልከሉን ሲተው የሚከለክል ሰው ማስቀመጥ ያስፈልጋል» ይሉኝ ነበር።

በእኛ ጨዋታ ላይ አጥብቀው የከለከሉት አንድ ቀለም ነበር፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብሩህ ሰማያዊ። ያ ቀለም እንዲበራ የሚፈቀደው ሴቭ በሚደረግበት፣ ማለትም ተጫዋቹ የደረሰበትን በሚያስቀምጥበት ቦታ ብቻ ነው። ሰማይ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ የሱቅ መስኮት ላይ አይገባም። ተጫዋቹ ዋሻ ለዋሻ ሲንከራተት ቆይቶ፣ መድኃኒቱ አልቆበት፣ ያንን ብርሃን በሩቁ ሲያይ እፎይ ይላል። «እዚህ ደኅና ነህ» የሚል ጽሑፍ አያስፈልገውም። ፐርሶና የተባሉት ተከታታይ የጃፓን ጨዋታዎች ሠሪዎች ይህን በትልቁ አድርገውታል፦ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ሦስተኛው ሰማያዊ፣ የ2008ቱ አራተኛው ቢጫ፣ የ2016ቱ አምስተኛው ቀይ ነው። ሜኑውን ብቻ ላየ ሰው የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም። ይህ የሚመጣው ሌላው ቀለም ሁሉ ምንም ቢያምር ቦታውን እንዲያውቅ የሚያደርግ ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ በአገሬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ እንደሚያይ፣ ክፉው ግን በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ እንደሚሳል ነገርኳቸው። መመገባቸውን ትተው ያዳምጡኝ ጀመር።

«ደንቡን የሚጠብቀው ማነው?»

«መምህሩ ለተማሪው ያስተላልፈዋል።»

«ሥዕሉ ላይ የመምህሩ ስም ይጻፋል?»

ብዙውን ጊዜ እንደማይጻፍ ነገርኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ኃላፊው ከመጪው ወር ጀምሮ ግማሽ ቀን ባክግራውንድ እንዲስሉ ሐሳብ አቀረበ። የሁላችንን ሥራ ማን እንደሚያይ ሲጠይቁት «ሁሉም የራሱን ያያል» አለ። እሳቸው ፈቃድ ጠይቀው የአንዲት ከተማ ስድስት ሥዕሎች ከፈቱ፤ ሁለቱ የእኛ፣ የቀሩት ሥራ የምናካፍላቸው የውጭ ድርጅቶች፤ ሁሉም የእሳቸው ቀይ እርማት ያላረፈባቸው። ሰዓቱ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ፀሐይዋ ከግራ፣ በሌላው ከቀኝ ትመጣለች። የአንዱ ግንብ ሽበት ያበቀለ ነው፣ የሌላው ትናንት የተጠረበ። በአንዱ ሥዕል በሩ ለሰው ልክ ነው፤ በሌላው ፈረስ ከነጋላቢው ያስገባል።

«ስድስቱም ቆንጆ ናቸው» አለ ኃላፊው።

«ቆንጆ ናቸው። ግን ስድስት ከተማ ናቸው። ታሪኩ ውስጥ ያለችው አንዲት ናት።»

«ተጫዋቹ እኮ ይህን አያስተውልም።»

ይህን ጊዜ አላስቻለኝም። በዚያ ቤት ጀማሪ በስብሰባ መሀል አይናገርም፤ እኔ ግን እጄን አውጥቼ ወደዚህ ሙያ የመጣሁት ተጫዋች ሆኜ እንደሆነ፣ አንድ ከተማ ሐሰት ሲሆን ምክንያቱን መናገር ባልችልም ይሰማኝ እንደነበር ተናገርኩ። ኃላፊው ቃል ሳይመልስ ሰዓቱን አየ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ላያስተውለው ይችላል። ነገር ግን በሦስተኛው ምዕራፍ ይህች ከተማ ትቃጠላለች። ተጫዋቹ እንዲያዝን የምንፈልገው ለየትኛዋ ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የተሻለ የሥራችንን ትርጉም የሚናገር ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬም ከሚስል ሰው ጋር ስነጋገር በመጀመሪያ የምነግረው እሱን ነው። ኃላፊው ስላይዱን ቀየረና ቀጣዩን አጀንዳ አነበበ። ውሳኔው እንዳለ ጸደቀ።

ግማሽ ቀን መሳል ጀመሩ፤ ግሩም አድርገውም ሳሉ። ግማሽ ቀን ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈውን ያርማሉ፤ አልደረሱበትም። ከወራት በኋላ ሞካሪዎቹ በመጨረሻው ከተማ ባግ (የፕሮግራም ስሕተት) አገኘን ብለው ጻፉ፦ «ከመድኃኒት ሱቁ ጎን ያለው ሴቭ ማድረጊያ ሲጫኑት አይሠራም።» ፕሮግራመሮቹ ኮዱን ሲበረብሩ ቆዩ። እዚያ ቦታ ሴቭ ማድረጊያ የሚባል ነገር ተጽፎ አያውቅም። የነበረው ፋኖስ ነው። ከውጭ የመጣ፣ እጅግ ተጠንቅቀው የሠሩት ውብ ፋኖስ፤ የሚያበራው በዚያ በተከለከለው ቀለም ነው።

«ተጫዋቹ አያስተውልም» ተብሎ ነበር። ሞካሪዎቹ ስለ ቀለም ደንቡ ማንም አልነገራቸውም፤ ግን አስተውለው፣ አምነው፣ ፋኖሱ ሥር ቆመው ቁልፉን ይጫኑ ነበር። እኔ ይህ ነገር በስብሰባ እንዲነሣ ፈልጌ ነበር። እሳቸው የፋኖሱን ቀለም ወደ ብርቱካናማ መልሰው ፋይሉን ላኩ፤ ለኃላፊው አንድም ቃል አልተናገሩም። በባግ ዝርዝሩ ላይ ችግሩ በፕሮግራም ክፍል እንደተፈታ ተመዘገበ፤ በወሩ ኤክሴል ላይ ያ ሥራ የለም።

አሁን በሌላ ቤት፣ በአነስተኛ ፕሮጀክት ላይ የእሳቸውን ዓይነት ሥራ እሠራለሁ። የወር ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ አስጨምሬአለሁ፦ ታይተው የተመለሱ ሥዕሎች፣ ከነምክንያታቸው። ስልክ ደውዬ ስነግራቸው አልወደዱትም። «ቁጥር ከሰጠሃቸው በየወሩ እንዲያድግ ይጠብቃሉ» አሉኝ፤ «ደንቡ ሠዓሊዎቹ ልብ ውስጥ ሲገባ የምትመልሰው ይቀንሳል። ሥራህ የሠመረ ዕለት ሰነፍክ ይሉሃል።» እውነት አላቸው። ይሁንና የዜሮዋ ሣጥን ግማሽ ቀናቸውን ስትወስድባቸው አይቻለሁና ዓምዱን አላነሣሁትም፤ በደወልኩ ቁጥር ስለዚሁ እንከራከራለን።