ሄፓሪን የሌለው እጥበት

ዛሬ ባሕር ዳር ዓይኔን ከማሽኑ ሳልነቅል ዋልኩ። ከቢቸና የመጡ አባት የኩላሊት እጥበት ነበራቸው። በቅርቡ ጨጓራቸው ስለደማ ሐኪሙ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ሄፓሪንን፣ ከልክሏል።

ደም ከሰውነት ወጥቶ ፕላስቲክ ሲነካ መርጋት ይጀምራል። ሄፓሪን የሚሰጠው ለዚህ ነው። እሱ ሲቀር በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) እየለቀቅን መስመሩን እናጥባለን። የገባው ውሃ ግን ተደምሮ መውጣት አለበት፤ ይሄ ሲረሳ ያበሳጨኛል። ደሙም ታካሚው እስከቻለ ድረስ በፍጥነት ይዞራል። ቀስ ካለ ይረጋል።

ሳላይኑ ሲያልፍ ቀዩ ማጣሪያ ለአፍታ ይነጣል። የረጋ ደም መኖሩን ማየት ያኔ ነው። እጥበቱ መጨረሻ አካባቢ ማጣሪያው ላይ ጥቁር ጭረት ቀረ፤ ደሙ ወደ ሰውነት የሚመለስበት መስመር ግፊትም መጨመር ጀመረ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?» አሉኝ።

«አይዞዎት አባቴ፣ ደምዎን ልመልስልዎት ነው» አልኳቸው።

ሳይዘጋ መለስነው። ሰዓቱ አልሞላም፤ ቢሆንም ደም ላነሰው ሰው ማጣሪያ ውስጥ የሚቀር ደም ቀላል አይደለም። ደስ ብሎኛል።

አስታማሚዎች፣ እባካችሁ፦ ጥቁር ሰገራ፣ የሚደማ ድድ፣ መውደቅ ወይም በቅርብ የተደረገ ቀዶ ጥገና ካለ መርፌው ሳይገባ ንገሩን።