ጊዶሌ ላይ ተራዬን ሳትኩ

ቃል የሌለው ሙዚቃ አይገባኝም የሚል ጓደኛ አለኝ። የኢትዮ ጃዝ አቀናባሪውን ሙላቱ አስታጥቄን የሚያውቀው ካፌ ውስጥ ነው፤ ማኪያቶው እስኪመጣ ከጀርባ የሚሰማ ነገር። አልፈርድበትም። እኔም ለብዙ ዓመት የሰማሁት እንደዚያው ነበር። ጆሮዬን የከፈቱት ርዕሶቹ ናቸው። ግጥም ከሌለ አቀናባሪው በቃል የሚነግርህ ርዕሱን ብቻ ነው። የሙላቱ ርዕሶች ደግሞ ብዙዎቹ ወይ ቦታ፣ ወይ ወር፣ ወይ ሰርግ ይጠራሉ።

አንዱ ርዕስ ግን ሲያስቸግረኝ ኖሯል። «አሶሳ ደራሼ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም ላይ ነው ያለው። አሶሳ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ደራሼ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ። በመካከላቸው ስንት አገር አለ! ምን አገናኛቸው? አንደኛውን ሄጄ ልየው ብዬ ተነሳሁ። ለደራሼ ያደላሁት በጥናት አይደለም። መንገዱ ላይ የአርባ ምንጭ ዓሣ አለ።

በሆሳዕናና በሶዶ በኩል በሚኒባስ ወረድኩ። ሶዶን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ደግሞ ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ረዳቱ ላይ ጮኸ። ረዳቱ ጎማውን በሞተር ጭኖ ጠፋ። እኛ ዛፍ ጥላ ስር ተደረደርን። ስልኬን አውጥቼ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ከፈትኩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የሠራው አልበም ነው። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ፈንኩ ጎልቶ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

«ኩሉን ማን ኳለሽ» ሲጀምር አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቀና አሉ።

«ይቺ የሰርግ ዘፈን አይደለችም እንዴ?»

«ናት፣ እማማ።»

«ታዲያ ዘፋኙ የት ሄደ?»

ምን ልበል? እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። እያጨበጨቡ ግጥሙን ራሳቸው ገቡበት። ከኋላ ወንበር የነበሩ ሁለት ልጃገረዶች ተቀበሏቸው። ዜማው ወደ ጃዝ ሲያፈነግጥ እማማ ግራ ተጋብተው ዝም ይላሉ፤ ሲመለስ ይቀጥላሉ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ሙዚቃ ቃል የለውም የሚባለው ለፈረንጅ ነው። እኛ ግጥሙን ከቤታችን ይዘን ነው የምንመጣው። «መስከረም ሲጠባ»ም እዚያው አልበም ላይ አለ። እሱን ሰምቶ አደይ አበባ የማይታየው ሰው ካለ ይንገረኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለደ። ኢንጂነር ይሆናል ተብሎ ዌልስ ተላከ። ልቡ ወደ ሙዚቃ አደላና ለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን ተማረ። በርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሱ ነበር። ቫይብራፎን፣ ያን በዱላ የሚመታ ባለ ብረት ምላስ መሣሪያ፣ የያዘውም እዚያ ነው። ኒውዮርክ ላይ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ1966ም «አፍሮ ላቲን ሶል»ን አወጣ። ከዚያ አምስቱን የቅኝቶቻችንን ድምፆች ከምዕራቡ አሥራ ሁለት ጋር ማጋባት ጀመረ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ኮርዱ፣ ማለትም ባንድ ጊዜ ተደራርቦ የሚሰማው ድምፅ፣ ትንሽ ከበዛ ግን ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። አምባሰሉም እንደዚያው።

ጎማው ሊመጣ አልቻለም፤ «ደወል»ን አስከተልኩ። ርዕሱ እንደሚለው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ሙላቱ ይህን ዜማ ለእነሱ እንዳቀናበረው ተናግሯል። በዚህ ሰዓት ከሩቅ እውነተኛ ደወል ተሰማ ብዬ ብጽፍ እንዴት ባማረ! አልተሰማም። የተሰማው የረዳቱ ሞተር ነው።

መንገዱን ስንቀጥል «የካቲት» እና «ነፃነት» መጡ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው «ኢትዮ ጃዝ» ላይ ያሉ ናቸው። የካቲት 66ን ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። በኋላ ብዙ ዘፈን በግጥሙ ምክንያት ሳንሱር ላይ ሲወድቅ፣ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ምኑ ይሰረዛል? እያልኩ አሰብኩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አርባ ምንጭ አሣውን በላሁ። ስለ እሱ ብቻውን መጻፍ ይቻላል፤ ልተወው። ከበላይ ያለው የጋሞ ደጋ በሙላቱ «ጋሞ» ውስጥ አለ። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ድምፃቸው እንደ ሸማቸው ነው፤ ብዙ ክር ባንድ ጊዜ ይሄዳል።

በማግስቱ ወደ ደራሼዎቹ ከተማ፣ ወደ ጊዶሌ። የኮንሶን መንገድ ይዘህ ትሄድና ወደ ቀኝ ታጥፈህ ተራራውን ትወጣለህ። ላቤ ሳይደርቅ ብርድ ጀመረኝ። ወደ ኋላ ሲያዩት ጫሞ ሐይቅ ታች ተኝቷል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ፓርሾት አቀረበልኝ። ከማሽላና ከበቆሎ የሚሠራ፣ ወፍራም፣ የሽፈራው ቅጠል የሚገባበት መጠጥ ነው። መጠጥ ልበለው እንጂ ለደራሼዎች ምግብም ነው። ሁለተኛውን ቅል እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ፊላ ሰማሁ።

ፊላ ከሸምበቆ የሚቆረጥ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ረጅም አለ፣ አጭር አለ፣ ጣት የምታክል አለች። የገረመኝ ይህ ነው፦ ሙሉ ዜማውን የሚጫወት ሰው የለም። አንዱ «ቱ» ይላል፣ ሌላው «ሆ» ይላል፣ ሦስተኛው በመካከላቸው ይገባል። ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ይሄዳል። እየዞሩ፣ እየረገጡ ነው የሚነፉት። ሴቶቹ በዘፈን ይገቡበታል። ከመካከላቸው አንዱን ነጥለህ ብትሰማው ጠርሙስ የሚነፋ ሰው ነው የሚመስልህ።

ሙላቱ በየቃለ መጠይቁ የሚያነሳው ነገር አለ። ደራሼዎች የሚጫወቱት የጃዝ ሰዎች ዲሚኒሽድ ስኬል የሚሉትን የድምፅ መሰላል ነው ይላል። ፈረንሳዊው አቀናባሪ ደቡሲና የጃዙ ሳክስፎን ተጫዋች ቻርሊ ፓርከር በተጠቀሙበት ድምፅ እነዚህ ሰዎች ከእነሱ በፊት ሲጫወቱበት ኖረዋል ባይ ነው። እኔም ጎበዝ መስሎኝ ስልኬ ላይ ፒያኖ ከፍቼ ልፈትሽ ሞከርኩ። አንዳንዱ ድምፅ ቁልፍ ላይ ቁጭ አለ። አንዳንዱ በሁለት ቁልፍ መካከል ወደቀ። ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩት።

የርዕሱም ነገር የተፈታልኝ እዚያ ነው። አሶሳ አካባቢ ያሉት በርታዎች ዙምባራ የሚሉት ረጅም መለከት አላቸው። እነሱም በቡድን ይነፋሉ፤ እዚያም እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ይጠብቃል። ሁለቱ ሕዝቦች በካርታ ይራራቃሉ እንጂ የአነፋፋቸው ነገር ጎረቤት ነው። ሙላቱ ይህን አስቦ እንደሆነ እገምታለሁ።

እረፍት ሲያደርጉ ከነፊዎቹ በዕድሜ የሚበልጡትን አባት ጠጋ ብዬ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰጠኋቸው። «አሶሳ ደራሼ»ን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በአስተርጓሚ በኩል፣

«ስንት ሰው ነው የሚነፋው?» አሉኝ።

«ጥቂት ናቸው፣ አባባ።»

«ታዲያ ሌሎቹ የት ሄዱ?»

የሶዶዋን እማማ አስታወሱኝ። እንደገና መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ተነስተው አንዲት አጭር ሸምበቆ እጄ ላይ አስቀመጡ። ጨዋታው እንደገና ተጀመረ። የእኔ ድርሻ አንድ ድምፅ ናት፤ በየዙሩ አንዴ። ቆጠርኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ነፋሁ። ቀድሜ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ። በሁለተኛው ዙር ዘገየሁ። በሦስተኛው አባባ መቁጠሬን አይተው መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ተራዬ ሲደርስ ጫን አደረጉኝ።