«ዴር ዜ» ወይስ «ዲ ዜ»? ከጣና ዳር ለጀርመንኛ ኦሎምፒያድ መዘጋጀት

በጀርመንኛ «ዜ» የሚለው ስም በወንድ ጾታ ሲነገር («ዴር ዜ») ሐይቅ ነው፤ በሴት ጾታ ሲነገር («ዲ ዜ») ባሕር ይሆናል። የባሕር ዳር ተማሪ ገና ስለ ከተማው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ዴር ዜ ማለት ሐይቅ» ብሎ በትክክል ያጠናል፤ ከዚያ ያንኑ «ዴር» ይዞ «አን ዴር ዜ» ይላል። ነገር ግን «አን» ለ«የት?» መልስ ሲሰጥ የወንዱ «ዴር» ወደ «ዴም» ይለወጣል፣ የሴቷ «ዲ» ደግሞ ወደ «ዴር»። ስለዚህ «አን ዴር ዜ» ያለ ልጅ ከተማውን ወስዶ ባሕር ጠረፍ ላይ አስቀምጧታል። ትክክሉ «አም ታናዜ» ነው፤ «አም» የ«አን» እና የ«ዴም» ጥምር ነው። እኛ ጣናን ራሱን «ባሕር» ስለምንል፣ የከተማችንም ስም ከዚያው ስለመጣ፣ ስህተቱ ለጆሯችን አይጎረብጥም። ጀርመናዊ አድማጭ ግን ወዲያው ካርታ ይፈልጋል።

ዝግጅት ከአማርኛው መጀመር አለበት የምንለው ለዚህ ነው። ለሁሉም አገር ተማሪ የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ የኛ ልጅ የት እንደሚወድቅ ነጥሎ አይነግረውም።

በቅድሚያ ስለ ውድድሩ ባጭሩ። ዓለም አቀፉን የጀርመንኛ ኦሎምፒያድ የሚያዘጋጁት የጀርመን የባህል ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲትዩትና ዓለም አቀፉ የጀርመንኛ መምህራን ማኅበር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ድሬስደን ላይ ተጀመረ፤ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል፤ በ2018 ፍራይቡርግ፣ በ2022 ሃምቡርግ፣ በ2024 ጎቲንገን ላይ ተደርጓል። ተወዳዳሪዎቹ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች ናቸው፤ ከአንድ አገር ሁለት ልጆች ከአንድ መምህር ጋር ይሄዳሉ፤ በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ በኤ2፣ በቢ1 እና በቢ2 ደረጃ ተከፍለው ይሠራሉ። ማን እንደሚሄድ የሚለየው በየአገሩ በሚደረግ ምርጫ ነው። የግድግዳ ጋዜጣ መሥራትና ከሌላ አገር ልጆች ጋር ሆኖ መድረክ ላይ አንድ ነገር ማቅረብ የታወቁ ሥራዎቹ ናቸው፤ ዝርዝሩ ግን ከዙር ዙር ስለሚለያይ የዓመቱን መመሪያ መምህሩ ራሱ ቃል በቃል ያንብበው።

ከሰዋስው ሁሉ አብዝተን ጊዜ የምንሰጠው ለግሱ ቦታ ነው። በጀርመንኛ ዋና ዓረፍተ ነገር፣ ጥያቄ ወይም ትእዛዝ ካልሆነ፣ ግሱ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል። «ዛሬ» ብለን ከጀመርን ቀጥሎ የሚመጣው ግሱ ነው፤ ባለቤቱ ከግሱ ኋላ ይገባል፦ «ሆይተ ኮመ ኢኽ»። ተማሪው ግን «ሆይተ ኢኽ ኮመ» ይላል። «ደንቡን አጥና» ማለት ብዙ አይረዳም። የሚረዳው አማርኛው ነው፦ «ዛሬ እመጣለሁ» ስንል «እኔ» የሚል ቃል የለም፤ እኔነቱ «እመጣለሁ» ውስጥ ተጣብቋል። ተማሪው «ኮመ-ኢኽ» የሚለውን እንደ አንድ ቃል፣ ልክ እንደ «እመጣለሁ» ይያዘው። ሃያ የጊዜና የቦታ ቃላት በወረቀት ቁራጭ ጽፋችሁ (ነገ፣ ከምሳ በኋላ፣ ባሕር ዳር ውስጥ፣ በክረምት...) እያወጣችሁ በየቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስብሉት። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን በየቀኑ ይሁን።

ጥገኛው ሐረግ ሲመጣ ደግሞ አማርኛ ትልቅ ስጦታ ይዞልን ይመጣል። በ«ቫይል» (ምክንያቱም፣ ስለ...) የሚጀምር ሐረግ ግሱን መጨረሻ ላይ ይጥላል፤ «ቫይል ኢኽ ክራንክ ቢን» ውስጥ «ቢን» ያለበት ቦታ «ስለታመምኩ» የሚያርፍበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል፤ የኛ ልጅ አይቸገርም። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አማርኛ ምክንያቱን አስቀድሞ ነው የሚናገረው፦ «ስለታመምኩ ቤት እቀራለሁ»። ተማሪውም በዚሁ ልማድ ከ«ቫይል» ይጀምራል፤ ሐረጉን አሳምሮ ይዘጋል፤ ዋናው ላይ ሲደርስ «ኢኽ ብላይበ» ብሎ ያበላሸዋል። መሆን ያለበት «ቫይል ኢኽ ክራንክ ቢን፣ ብላይበ ኢኽ ትሱ ሃውዘ» ነው። ሁለቱ ግሶች «ቢን» እና «ብላይበ» በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ልምምዱ ቀላል ነው፦ ተማሪው ሰረዙ ጋ ሲደርስ ጠረጴዛውን አንዴ በጣቱ ይምታ፤ ከምቱ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ግስ ካልሆነ ከሥር ይጀምር።

አክብሮቱም እንዲሁ ቀላል ነው። «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነሱ ይመጣሉ» ግሳቸው አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ በጀርመንኛም የአክብሮቱ «ዚ» እና የብዙዎቹ «ዚ» አንድ ግስ ይጋራሉ። ይህን አንዴ ማሳየት ይበቃል።

ሰዓት ላይ ግን መቸኮል አያስፈልግም፤ ሁለት ወጥመድ ተደራርቦበታል። የመጀመሪያው የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው «ሃልፕ» ነው። እኛ «ሁለት ተኩል» ስንል ከሁለት በኋላ ግማሽ ማለታችን ነው፤ ጀርመኖች ግን የሚቆጥሩት ወደሚመጣው ሰዓት ነው። ጠዋት በኛ 2:30፣ በነሱ 8:30፣ «ሃልፕ ኖይን» ይባላል፤ ወደ ዘጠኝ ግማሽ እንደማለት። ተማሪው ሁለትን ወደ ስምንት ቀይሮ «ሃልፕ አኽት» ካለ 7:30 ብሏል። አውቶቡሱ «በሃልፕ ኖይን ይነሣል» ሲባል 9:30 ብሎ ከያዘ ደግሞ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ሲጠራጠር «አኽት ኡር ድራይሲኽ» ብሎ በሙሉ ሰዓትና ደቂቃ ደግሞ ይጠይቅ፤ ማንም አይስቅበትም። ስልክ ቁጥር ሲቀበልም 45 «አምስትና አርባ» ተብሎ ስለሚነገር ሁለቱንም እስኪሰማ እስክሪብቶውን ያንሣ፤ አምስትን ቀድሞ ከጻፈ 54 ሆኖ ይቀራል።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን፦ ደብተር ላይ የጀርመንኛ ቃል አነባበብ በፊደል አይጻፍ። እዚህ ገጽ ላይ የምንጽፈው ለንባብ እንዲመች ብቻ ነው። ፊደላችን የአናባቢን ርዝመት አያሳይም፤ «ሽታት» ብለን ከጻፍን መንግሥት (ረጅም አ) ይሁን ከተማ (አጭር አ) አይለይም። ሳድሱም «ሽት» እና «ሽትር» መካከል ትንሽ «እ» እንዲሰነቀር ይጋብዛል። በጀርመንኛ ዜድ የሚጻፈውን ድምፅ ደግሞ ተማሪው በ«ጸ» ይተካዋል። «ጸ» ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ የጀርመንኛው «ት»ና «ስ» በፍጥነት ተጣብቀው የሚወጡ ናቸው። ቀጭን ወረቀት አፍ ፊት ይዞ «ትሳይት» (ጊዜ) ማለት ነው፤ ወረቀቱ በአየሩ ከተርገበገበ ደህና ነው፤ ዝም ካለ «ጸ» ገብቷል። ለ«ኢኽ» መጨረሻ «ይ» ብሎ ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶ አየሩን ብቻ ማስወጣት። ሁለት ነጥብ ለተጫነበት ኡ ምላስን «ኢ» ላይ አቁሞ ከንፈርን ለ«ኡ» ማሾል፤ ለኦው ምላስ «ኤ» ላይ፣ ከንፈር «ኦ» ላይ።

አሁን ወደ ግድግዳ ጋዜጣው። ውድድሩ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ በሳምንት አንድ እንዲሠራ እንመክራለን፤ አራት ተማሪ፣ አንድ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ 90 ደቂቃ፦ 10 ለእቅድ፣ 30 መረጃ ለመሰብሰብ፣ 35 ለመጻፍ፣ 15 ለማረም። በከተማችን መንገድ ላይ ጀርመንኛ ተናጋሪ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ይሁን፤ ጽሑፉ ግን በቀጥታ በጀርመንኛ። ይህ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ሰው ያለውን ቃል በቃል ሳይገለብጡ ፍሬውን ማስተላለፍ።

ከርዕሶቹ ሁሉ ታንኳን እንመርጣለን። ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ የታንኳ ሠሪ እጅ እያዩ ቅደም ተከተሉን መጻፍ ይቻላል። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እየተነባበረ ይታሰራል። አማርኛው በአንድ ቃል የሚለውን «ይታሰራል» ጀርመንኛ ለሁለት ሰንጥቆ ያስቀምጠዋል፦ «ቪርት» ሁለተኛ ቦታ፣ «ገቡንደን» መጨረሻ። አምስት እርምጃ መጻፍ ማለት የቢ1 ተገብሮ ግስን አምስት ጊዜ መለማመድ ነው። ከዚያ ምክንያት ይጠየቃል፦ ታንኳው ከውኃ ሲወጣ ለምን ቁሞ እንዲደርቅ ይደረጋል? ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ። እነሆ «ቫይል» ተመልሶ መጣ። ሌሎች የሚሠሩ ርዕሶችም አሉ፦ እምቦጭ፤ የዘጌ ቡና፤ ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ መሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው የግዕዝና የአማርኛ ሊቅ የሆነውን ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ። የመጨረሻው በተለይ ለጀርመን ልጆች እንግዳና ቅርብ የሆነ ወሬ ነው።

የሚበላሸው ምኑ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ይበዛል። ከ120 እስከ 150 ቃል ይበቃል። የርዕሱ ፊደል 6 ሴንቲ ሜትር፣ የጽሑፉ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ቢኖረው ከሁለት ሜትር ይነበባል። ቀይ ማርከር ለርዕስ እንጂ ለጽሑፍ አይሆንም፤ ከሩቅ ይደበዝዛል። ሐይቁ ዳር ከተሠራ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወረቀቱን ስለሚያነሣው አራቱንም ጥግ በድንጋይ መያዝ ነው። እርማቱ ሦስት ጊዜ ይደረጋል፣ በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ እየታየ፦ መጀመሪያ የግስ ቦታ፣ ቀጥሎ አርቲክል («ዴር»፣ «ዲ» የመሳሰሉት)፣ በመጨረሻ ትልልቅ ፊደል። ጀርመንኛ ስምን ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን ይህን አይፈልግም። ሦስቱን ባንዴ ለማረም የሞከረ ሁልጊዜ ትልቁን ፊደል ያልፈዋል።

ከቋንቋው ይልቅ ነጥብ የሚያሳጣን ይሉኝታ ነው ብለን እናምናለን። የኦሎምፒያዱ ቡድን ከማያውቋቸው ልጆች ጋር ነው፤ ፈጣን ተናጋሪው ሐሳቡን ይዞ ሲሮጥ የኛ ልጅ ሰምቶ ዝም ይላል። ጨዋነት ነው፤ ዳኛው ጋ ግን ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንደ አቡነ ዘበሰማያት ይጠና፦ «ካንስት ዱ ዳስ ቢተ ቪደርሆለን?» (ድገምልኝ)፣ «ቫስ ማይንስት ዱ ዳሚት?» (ምን ማለትህ ነው?)፣ «ዳስ ዜኧ ኢኽ አንደርስ» (እኔ በሌላ መንገድ ነው የማየው)። በየልምምዱ እያንዳንዱ ተማሪ ሦስተኛውን ቢያንስ አንዴ ሳይጠቀም እንዳይነሣ። የልምምድ ጓደኛም ይቀያየር፤ ሁልጊዜ ከወዳጁ ጋር የሚሠራ ልጅ በግማሽ ቃል መግባባት ይለምዳል። መምህሩ በመሃል አያርም፤ ስህተቱን ወረቀት ላይ ይያዝና ሲያበቃ ሦስቱን ብቻ ይናገር። አሥር ከተናገረ ልጁ ከነገ ጀምሮ አጭር አጭር ነው የሚመልሰው።

ለማዳመጥ የዶይቸ ቬለ ዝግ ብሎ የሚነበብ ዜና ከነጽሑፉ ይገኛል። የዚሁ ጣቢያ የአማርኛ ክፍል ስላለ፣ ከተቻለ የዕለቱን ትልቅ ዜና መጀመሪያ በአማርኛ ስሙ። ፍሬ ነገሩን ያወቀ ጆሮ ቃላቱን ይለያል። መብራትና ኔትወርክ ስለማያስተማምኑ የሳምንቱን በአንድ ቀን አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

የጉዞ ሰነዱን በተመለከተ፣ የልደት የምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ ላይ የልጁ፣ የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ የልደት ቀኑም ወደ ፈረንጆቹ ሲዞር ሁለቱም ላይ አንድ ይሁን። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀር ግን አይሆንም። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ስጦታ ሲታሰብ ቅቤና ቋንጣ ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው።

በምትኩ ቀጭን ማርከርና ሃምሳ ያህል ባዶ ካርድ ይያዙ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ «ቪ ሽፕሪኽት ማን ዳይነን ናመን አውስ?» (ስምህ እንዴት ነው የሚጠራው?) ብሎ ጠይቆ፣ ደግሞ አስጠርቶ፣ ስሙን በፊደል ጽፎ መስጠት ነው። ካርዱን የተቀበለው ልጅ የትኛው ምልክት የትኛው ድምፅ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። የዚህ መልስ በጀርመንኛ አስቀድሞ ይጠና፦ 33 ፊደል፣ እያንዳንዱ ሰባት መልክ።