ሜምበር ፈንክሽን፣ ባይንድ እና የአጎቴ ቡና

ትናንት ማታ ፕሮግራሜ ትክክለኛውን ድምር አወጣ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ስለሆነ ለብቻዬ ይዤው ልተኛ አልቻልኩም።

አጎቴ እዚህ ጅማ መርካቶ ቡና ይገዛል፤ የየጆንያውን ክብደት የሚይዘው በደብተር ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርኩ ስለሆነ «እኔ ልሥራልህ» ብዬ ገባሁበት። ክላሱ (የኦብጀክት ንድፉ)፣ ቬክተሩ (ዝርዝሩ)፣ ሉፑ (ድግግሞሹ) ብዙም አላስቸገረኝም። የተያዝኩት ሉፕ መጻፍ ትቼ ከቋንቋው ጋር ተዘጋጅተው በሚመጡት አልጎሪዝሞች ልሥራ ያልኩ ዕለት ነው።

ጆንያ የሚባል ክላስ አለኝ፤ ኪሎ የሚባል ሜምበር ፈንክሽን (የክላሱ የራሱ ፈንክሽን) አለው። ትራንስፎርም የሚባለው፣ ለየጆንያው አንድ ፈንክሽን የሚጠራው አልጎሪዝም ግን ጆንያውን ቅንፍ ውስጥ ከትቶ፣ እንደ ተራ ፈንክሽን ነው መጥራት የሚፈልገው። ሜምበር ፈንክሽን በዚያ መንገድ አይጠራም፤ ባለቤቱ ከነጥቡ በፊት መቆም አለበት። የገባኝ በአማርኛ ሳስበው ነው። «መዘነ» ስንል «እሱ» አንልም፤ እሱ ግን እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። ባለቤቱን የሚያመለክተው፣ ዲስ የሚሉትም እንዲሁ የተደበቀ የመጀመሪያ አርጊውመንት (ለፈንክሽን የሚሰጥ ነገር) ነው። ሜም ኤፍ ኤን (mem_fn) የሚባለው መሣሪያ የተደበቀውን አውጥቶ ቅንፍ ውስጥ የሚያስገባ ፈንክሽን ኦብጀክት (እንደ ፈንክሽን የሚጠራ ኦብጀክት) ይሰጣችኋል፤ በቃ። ኦብጀክቱ ራሱ ቢመጣለት፣ ፖይንተር (አድራሻው) ቢመጣለት፣ ሼርድ ፖይንተር ቢመጣለት ግድ የለውም።

የተዋስኩት ማስታወሻ ግን ለፖይንተር ሜም ፈን፣ ለኦብጀክት ሜም ፈን ሬፍ የሚባሉ የድሮ መሣሪያዎችን እየጠራ ሁለት ምሽት በላብኝ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አይመከሩም፤ በ2017 ደግሞ ከነጭራሹ ከስታንዳርዱ ወጥተዋል። ማስታወሻ ስትዋሱ ዓመተ ምሕረቱን እዩ።

አሁን ወደ ጉዱ። ድምር የሚይዝ ሚዛን የሚባል ክላስ ሠራሁ፤ ጨምር የሚለው ሜምበር ፈንክሽኑ ኪሎ ተቀብሎ ድምሩ ላይ ያክላል። ፎር ኢች (ለየአባሉ ፈንክሽን የሚጠራ አልጎሪዝም) ውስጥ ጨምርንና ሚዛኑን፣ ፈንክሽንን ከአርጊውመንቱ ጋር በሚያስረው ባይንድ አሰርኳቸው። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ትንፍሽ አላለም። 20 ጆንያ ገባ፤ ድምሩ 0። አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«ምነው፣ ቡናዬን አይጥ በላው እንዴ?»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወደ ፈረሱላ የምቀይርበትን ስሌት ነው። በ17 ማካፈል ምን ይሳሳታል? ቢሆንም አንድ ሙሉ ማታ እሱን ስፈትሽ አደርኩ። በማግስቱ ጨምር ውስጥ ድምሩን የሚያሳይ መስመር ከተትኩ፦ 61፣ 120፣ 182 እያለ ያድጋል። ፎር ኢች አልቆ ከውጭ ሳየው ዜሮ። እዚያ ላይ ነው የበራልኝ፤ ባይንድ የሰጠኸውን ኮፒ አድርጎ ነው የሚይዘው። ቡናው ሁሉ የተመዘነው በሌላ ሚዛን ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ሚዛኑ ከነድምሩ ተጣለ። ሚዛኑን፣ በኮፒው ፈንታ ዋናውን በሚያሳልፈው ሬፍ ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ ተስተካከለ። አድራሻውን ብሰጠውም ይሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባይንድ ለጀማሪ አይሰጥ ባይ ነኝ። ላምዳ (እዚያው የሚጻፍ ስም የለሽ ፈንክሽን) ኮፒውን ይያዝ ዋናውን፣ ማዕዘን ቅንፉ ላይ በዓይን ይታያል። ይህን እያልኩ ግን ፕሮግራሜ ውስጥ አሁንም ሁለት ባይንድ አለ፤ ስለሚሠሩ መንካት ፈርቻለሁ። ጆንያዎቹን በክብደት ለመደርደር ደግሞ የሲ ፕላስ ፕላስ 20 ሬንጅስ በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለውን ሶርት ወድጄዋለሁ፤ የኪሎን አድራሻ እንዳለ ይቀበላል፣ ሜም ኤፍ ኤን እንኳ አይጠይቅም።

ያልፈታሁት አለ። ኪሎ በሚል ስም ሁለት ፈንክሽን ጻፍኩ፤ አንዱ ክብደቱን የሚናገር፣ ሌላው የሚያስተካክል። የኪሎን አድራሻ ስሰጠው ኮምፓይለሩ የቱን እንደምል ጠፍቶት ስክሪኑን በስህተት ሞላው። መፍትሔው የቱን እንደምፈልግ በግልጽ የሚናገረው ስታቲክ ካስት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አጻጻፉ ግን እጄ ላይ አልገባ አለ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ስለነበር የአንዱን ስም ቀይሬ ተገላገልኩ። ሽሽት ነው።

አጎቴ 1184 ኪሎ የሚለውን አይቶ ደብተሩን ገለጠ፤ በእስክሪብቶ ደመረና «ልክ ነው» አለ። ዛሬ ጠዋት የወጣው ግን ደብተሩን ይዞ ነው።