ራዲዮኑን ቀነስኩት

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ስሜቴም እንደዚያው። ዛሬ ማታ ግን መብራቱም ነበር፣ እኔም ደህና ነበርኩ። ሻይ አፍልቼ፣ ለእርማት የተሰጠኝን የማዳበሪያ አጠቃቀም መመሪያ ዘርግቼ፣ ራዲዮ ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ባልና ሚስት ጀመሩ። መጀመሪያ የሳህን ድምፅ፣ ቀጥሎ የእሱ፣ ቀጥሎ የእሷ። «እናትህ ፊት ባታዋርደኝ ምን ነበረበት?» ስትል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይቋጥርም።

እጄ ሄዶ ራዲዮኑን ቀነሰው።

ሳላዝዘው ነው የሄደው። ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ብዙዎቹ ጋዜጦች ሲዘጉ የእኛም አብሮ ከሄደ ወዲህ ከሙያው ወጥቻለሁ፤ አሁን እንጀራዬ ማዳበሪያ ነው፣ ማዳበሪያ ደግሞ ገመና የለውም። ጆሮዬ ግን ከሥራ መሰናበቱን እስከ ዛሬ የነገረው ሰው ያለ አይመስልም።

የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፣ የሦስተኛው ገጽ ሰውዬ እኔ ነበርኩ። በብዕር ስም። የራሴን ስም ደብቄ የሰውን ስም አወጣ ነበር። ጋዜጣው ቀለሙ ሳይደርቅ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲወጣ አራት ኪሎ ላይ አዟሪዎቹ ይሻሙበታል፤ መግዛት ያልቻለ በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልሳል። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አንባቢው ቀድሞ የሚገልጠውን ገጽ እሰልል ነበር። ርዕሰ አንቀጹን ዘልሎ፣ ያ ምስኪን ባልደረባችን ስለ መሬት ይዞታ ለሦስት ሳምንት የደከመበትን ጽሑፍ ዘልሎ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ደረቴ ይነፋል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። «ነው አትበል፤ ነው ወይ በል» ይሉኝ ነበር። የጥያቄ ምልክት ካለ ከሳሽ መግቢያ የለውም ባይ ናቸው። ክርክር ሲነሳ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ይመዝዛሉ፤ አንቀጽ 29ን፣ ሐሳብን በነጻ የመግለጽ መብትን፣ ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር። ከእሱ ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ፣ አንቀጽ 26 ላይ፣ ስለ ግል ሕይወት መከበር የተጻፈ ነገር እንዳለ ያየሁት ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያውም ሌላ ነገር ስፈልግ።

ሰው ሲጠይቀኝ የሚቆጨኝ ውሸቱ ይመስለዋል። ውሸቱማ ማስተባበያ ይወጣለታል፤ ትንሽ፣ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ፣ ቢሆንም ይወጣለታል። እውነቱን ምን ብለህ ታስተባብለዋለህ?

ሐምሌ 1989 ነው። ያ ድምጻዊ ከመድረክ ከጠፋ ወራት ሆኖታል፣ ከስቷል ይባላል። በዚያ ዘመን «ከስቷል» ምን ማለት እንደነበር የዘመኑ ሰው ይነግራችኋል። በሽታው በስሙ አይጠራም። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት እስኪጀምር ገና ስምንት ዓመት ግድም ይቀራል። ከስቷል የተባለን ሰው አከራዩ ቤት ያስለቅቀዋል፣ ጎረቤቱ ስኒ ይለይበታል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እናቱ ቤት ሄድኩ። የልጅዎ ጓደኛ ነኝ አልኳቸው። አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ነበር፤ በኋላ በጥቃቅን ወጪ ተወራርዶልኛል።

እማማ ቡና አፈሉ። ከሰሉ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ያስለቅሳቸዋል፣ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ያወሩኛል። የደረሰኝ ስኒ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ተሸርፎ ኖሯል። እሳቸው ከእኔ ቀድመው አዩትና አፍረው፣ ከእጄ ተቀብለው፣ በራሳቸው ስኒ ለወጡልኝ። በበረካው ላይ ነው የነገሩኝ። ሽንኩራ ዮሐንስ ጸበል ወስደውታል፣ ሁለት ሱባኤ ቆይቷል፣ ምግብ መቅመስ ጀምሯል። «አንተ ጓደኛው ነህና ጸልይለት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

«ታዋቂው ድምጻዊ ጸበል ቤት ምን ያደርጋል?» ከነጥያቄ ምልክቱ። በዚያ ሳምንት አንድም ተመላሽ ጋዜጣ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ፣ ነሐሴ 25፣ ልዕልት ዲያና ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተች። ፎቶ አንሺዎች በሞተር ብስክሌት ይከተሏት ነበር። የእኛን ጽሑፍ እኔ ነኝ የጻፍኩት። «የሰው ገመና ቸርቻሪዎች» የምትል ሐረግ ነበረችበት፤ በጣም ወድጃት ስለነበር ለጋሼ ሁለት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። እሳቸውም ወደዷት። ከሁለታችን አንዳችንም ቀና ብለን አልተያየንም።

ልጁ በዓመቱ አረፈ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፣ ያን ያህል ትልቅ ሰው አልነበርኩም። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ የሚያንሾካሹከውን ያቀበልኩት ግን እኔ ነኝ።

እማማን ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኘኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ የጻፍኩትን ያነበበላቸው ሰው ይኖራል፣ ማን እንደጻፈው የነገራቸው ይኑር አይኑር ግን አላውቅም። አገላብጠው ሳሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ጠፋህ እኮ። አገባህ?» አሉኝ። ያኔ አግብቼ ነበር። ትንሽ ዝም አሉና «ያንን ነገር ያወጣው ቤታችን ገብቶ ቡና የጠጣ ሰው ነው ይላሉ» አሉ። እኔን እያዩ ይሁን ከኋላዬ ያለውን ምእመን እያዩ፣ ዓይናቸው ሞራ ስለነበረበት መለየት አልቻልኩም። ቀጥለው «መጥተህ ቡና ጠጣ እንጂ» አሉኝ።

አልሄድኩም። ለመሄድ ስቆርጥ ሰፈሩ ፈርሶ ነበር። ግን አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ? አውቀው ከሆነ ያ ግብዣ ምን ነበር? ይህን ስንት ዓመት እንዳሰብኩት... ከሚስቴ ጋር ሳንለያይ በፊት አንድ ሌሊት አንስቼላት «ጋዜጠኛ አይደለህ፣ ሄደህ አትጠይቃቸውም?» ብላኛለች።

ማዶ ጸጥ ብሏል። በዚህ መሀል ይታረቁ ይኮራረፉ አላወቅሁም፤ ዋናው ነገር አመለጠኝ ማለት ነው። ሻዩም ቀዝቅዟል። የጻፍኩትን ከላይ ጀምሬ ሳነብበው ደግሞ የሴትዮዋን ንግግር አንድ ቃል ሳላዛንፍ በትእምርተ ጥቅስ አስፍሬዋለሁ። ልሰርዘው እጄን አነሳሁ። ነገር ግን መግቢያው ያለ እሷ አይቆምም። «እናትህ» የሚለውን «ዘመድህ» ብዬ ብለውጠውስ?